ሸክም ማውረጃው ድንጋይ

ሐረር ውስጥ የሕንፃ ንድፍ መስመር ማስመር የሚችሉ ሰዎች ቢቆጠሩ አንደኛ ፍፁም ነው፤ ሁለተኛም ፍፁም ነው፤ ሦስተኛው ገና አልተወለደም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ የጨረሰው እርሳስ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ ድሬዳዋ ይገባል። ላጲሱ ብቻ አንድ ባጃጅ ሞልቶ ይተርፋል። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ ዕለት ፀጉሩ ጥቁር፣ ሻንጣው አንድ፣ ሐሳቡ አንድ ሺህ ነበር። አሁን ፀጉሩ ነጭ፣ ሻንጣው ያው አንድ ነው፤ ከሐሳቡ ውስጥ ግን መሬት ላይ የቆመ አንድም የለም።

የቆሙት ቢሮዎች ናቸው። አሥራ አራት ቢሮ ሠርቷል፤ አሥራ አራቱም መንታ ናቸው። ረጅም ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ በር፣ መጨረሻ ላይ ውኃ የማይመጣበት መጸዳጃ። ባለቤቱ ነፃነት የሂሳብ አስተማሪ ነበረች፤ ነገር አታበዛም። ስለ ሥራው በጠየቃት ቁጥር የምትመልስለት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረቻት።

«ያንተ ቤቶች አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሞታሉ» ትለዋለች።

እውነቷን ነው። አሥራ አንድ ሲል ዘበኛው ይቆልፋቸዋል፤ እስከ ማግሥቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ ድመት እንኳ አያልፍባቸውም። ነፃነት ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ፍፁም ለጡረታ የቀረው ሦስት ዓመት ነው። ከኋላው ሦስት፣ ከፊቱ ሦስት ሆኖ መሃል ላይ ቆሞ ሳለ ነበር ከተማዋ ልታሠራው ያሰበችው የኪነ ጥበብ ማዕከል ሥራ እጁ ላይ የወደቀው።

ቦታው ከኤረር በር ወጥቶ ቁልቁል ሲኬድ፣ ጋራው ድንገት የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ የቆመ ሰው እግሩ ሥር መሬት አያገኝም፤ የኤረር ሸለቆ ሆዱን ከፍቶ ይጠብቀዋል። በግራ አናቱን በመጋዝ የቆረጡት የሚመስለው የቁንዱዶ ተራራ፣ በቀኝ የሐኪም ጋራ፣ መሃል ላይ ደግሞ እስከ ሰማዩ ዳር የሚዘረጋ ሰማያዊ ባዶነት አለ። ፍፁም ቦታውን መጀመሪያ ያየ ዕለት ሳይጠጣ ሰክሮ ነው ወደ ቢሮው የተመለሰው። በዚያው ሳምንት ንድፉ ተወለደ። አምስት መቶ ሰው የሚይዝ አዳራሽ፤ በምሥራቅ በኩል ግድግዳ የለም፤ ከወለል እስከ ጣሪያ አንድ ወጥ መስታወት ብቻ። ተዋናዩ መድረክ ላይ ሲቆም ከጀርባው መጋረጃ ሳይሆን የኤረር ሸለቆ ይሆናል። ከቀይ ባሕር እስከ ሞቃዲሾ እንዲህ ያለ አዳራሽ አልተሠራም፤ ፍፁም ይህን ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ተናግሯል፤ ለባጃጅ ነጂ ሁለት ጊዜ።

ሞዴሉን አምስት ወር ሙሉ በገዛ እጁ ከካርቶን ሠራ። የማዕከሉ አሠሪ ኮሚቴ አይቶ በጭብጨባ ተቀበለው። የቀረው ሐሙስ ተሰብስቦ መፈረም ብቻ ነበር። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ዋፊቃ የጁገል ልጅ ናት፤ ቃሏ አጭር፣ ፊርማዋ ከቃሏ ያጠረ። «ሐሙስ ካለፈን ከአዲስ አበባ የመጣ ዝግጁ ፕላን አለ፣ እሱን ነው የምንወስደው» ብላ ነበር። ዝግጁውን ፕላን ፍፁም አይቶታል። ረጅም ኮሪደር ነው፤ ግራና ቀኝ በር አለው።

አሁን ስለ ስህተቱ። ፍፁም መሬቱን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ለክቶታል። አሥራ ዘጠኙንም ጊዜ በመሥሪያ ቤት መኪና፣ በመሥሪያ ቤት ሰዓት ሄዶ ነው፤ ከሁለት ተኩል በኋላ ደርሶ ከአሥራ አንድ በፊት ተመልሷል። የመንግሥት ሠራተኛ መሬት የሚያየው እንደዚያ ነው። በዚያ ሰዓት ጠርዙ ላይ ከነፋስና ከእንሽላሊት በስተቀር አንድ ነፍስ አይታይም። ስለዚህ ፕላኑ ጥግ ላይ በዚያ ውብ እጅ ጽሑፉ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ነዋሪ የለም። መንገድ የለም። አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ ይፈርሳል።»

ድንጋዩ የኤፍ ኤስ አር ጭነት መኪና ያክላል። ልክ መድረኩ የሚያርፍበት ላይ ተቀምጧል። ግንበኛው አው አደም በፍፁም ትዕዛዝ በቀይ ቀለም ትልቅ ምልክት አድርገውበታል፤ ፊርማው እንዳለቀ በድማሚት ሊሰነጠቅ ነው።

ሐሙስ ስድስት ቀን ሲቀረው ፍፁም አንድ ነገር ከነከነው። የመጀመሪያዋ የፀሐይ ጨረር መስታወቱን የት ላይ እንደምትነካ አያውቅም። ይህን በሥራ ሰዓት ማየት አይቻልም፤ ፀሐይ ፔርሙስ ይዛ ሁለት ተኩል ላይ ቢሮ አትገባም። ስለዚህ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በእግሩ ከኤረር በር ወጥቶ ወረደ፤ ድንጋዩን ተደግፎም ወደ ምሥራቅ ተመለከተ።

«አቦ! ፈቀቅ በል፣ ቦታዬን ይዘህብኛል!»

ዞር ሲል አንዲት ሴት ከሸለቆው ሽቅብ እየወጣች ነው። ጎመንና ካሮት የታጨቀበት ማዳበሪያ በጀርባዋ ተሸክማለች፤ ገመዱ ደረቷ ላይ ተሻግሮ ታስሯል። በአንድ እጇ የምሳ ዕቃ ይዛለች። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች በመስመር ይከተላሉ። ፍፁም እየተደናገጠ ፈቀቅ አለ። ሴትዮዋ ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጠች፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፤ ማዳበሪያው ከድንጋዩ ጎን እንደ መደርደሪያ ወጣ ያለው ቦታ ላይ ቁጭ አለ። ገመዱን ላላ አድርጋ ወጣች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ አየችው። «ምን ጠፋብህ?»

«ምንም አልጠፋብኝም። ፀሐይ ልይ ብዬ ነው።»

«ቤትህ ፀሐይ የለም?»

ሴቶቹ ከኋላ ሳቁ። ፍፁም ደረቱን ነፋ። «እዚህ አዳራሽ ሊሠራ ነው፣ እህቴ። ዘፈን፣ ቲያትር፣ ሥዕል። ንድፉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ይኸውልሽ፣ ከዚህ እስከዚያ ድረስ ያለው ሁሉ መስታወት ይሆናል።»

«መስታወት? ማን ሊታይበት?»

«ሸለቆው ነዋ! ሰው ቁጭ ብሎ ሸለቆውን ያይበታል።»

«ሸለቆውማ አሁንም ይታያል» አለችና ዘወር ብላ አየችው፤ አለመጥፋቱን ለማረጋገጥ ያህል። «ድንጋዩስ? ይሄ ቀይ ቀለም ምንድን ነው?»

«እሱ ይፈርሳል። በምትኩ ከወዲያ ማዶ አግዳሚ ወንበር እናሠራላችኋለን። የእብነ በረድ!»

«ቁመቱ ስንት ነው?»

በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ፍፁምን የወንበር ቁመት የጠየቀው ኃላፊ የለም። «አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር» አለና ከጉልበቱ ሥር በእጁ አሳያት።

ሴትዮዋ እጁን አየች፣ ጉልበቱን አየች። «እሺ፣ እዚህ ላይ ላወርደው ጎንበስ አልኩ። ወረደ እንበል። ማን ያነሳልኛል? አንተ ነህ?»

«እኔማ... በሥራ ሰዓት ከሆነ...»

«በሥራ ሰዓትማ እኛ ገበያ ነን!» አለች። በዚህ ጊዜ ሳቁ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ መጣ።

ስሟ አይሻ ነው። የምሳ ዕቃው የባሏ የነስሮ ነው፤ እሱ ሆስፒታል ከተኛ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። መኪና ወደ መንደራቸው አይወርድም፤ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ነው ያወጣው። «እዚሁ ላይ አሳረፉት» አለች የድንጋዩን መደርደሪያ በመዳፏ መታ መታ አድርጋ። «ትንፋሽ እያጠረው ምን አለ መሰለህ? ‹እኔንም እንደ ጎመን ልትሸጡኝ ነው?› አለ። ወላሂ፣ የተሸከሙት ሰዎች በሳቅ ሊጥሉት ነበር።» የምሳ ዕቃውን መክደኛ ጠበቅ አደረገች። «ሲወርድ በእግሩ ነው፣ ኢንሻአላህ።»

ከዚያ ጀርባዋን ለማዳበሪያው ሰጠች፣ ገመዱን ደረቷ ላይ አሳለፈች፣ ቀና አለች። በቃ፣ ተነሣ። ማንም እጁን አልሰጣትም፤ መስጠትም አላስፈለገም። ፍፁም ፀሐይዋ መውጣቷን ያየው ከወጣች በኋላ ነው። እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ቆሞ ሴቶቹን ቆጠረ። ሠላሳ ሰባት ነበሩ። ቁጥሩን ቢሮ ደርሶ እንኳ ሳያጋንን ሠላሳ ሰባት ነው ያለው፤ የሚያውቁት ሰዎች ታሟል ብለው ጠረጠሩ። ከመሄዱ በፊት ግን ቴፕ ሜትሩን አውጥቶ መደርደሪያውን ለካ። ላዩ እንደ መስታወት ለስልሷል፤ ስንት መቶ ዓመት እንደፈጀ የሚናገር የለም። ከመሬት ዘጠና ሁለት ሳንቲ ሜትር፤ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከአሥር።

ቅዳሜን ሰንብቶ፣ እሑድን አስቀድሶ፣ ሰኞን ተጨንቆ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፈላና በር አጠገብ ወዳለው ወደ አው አደም መሥሪያ ቦታ ሄደ። አው አደም ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። እሳቸው የነኩት ድንጋይ ተራ መያዝ ያውቃል ይባላል፤ በጁገል ግንብ ላይ የእጃቸው ሥራ ያልገባበት ክንድ የለም። መዶሻቸውን ሳያስቀምጡ በዓይናቸው ተቀበሉት።

«አው አደም፣ ያ ድንጋይ ሳይሰበር መነሳት ይችላል?»

«ሥሩ የት እንደሚያልቅ አላህ ነው የሚያውቀው። ከጋራው ጋር አንድ ነው።»

«ሴቶቹ ሸክም እንደሚያወርዱበት ያውቁ ነበር?»

«ማን የማያውቅ አለ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

መዶሻው ቆመ። «ጠየቅሁህ። ሁለት ጊዜ። ‹ድንጋዩ ይፈርሳል?› አልኩህ። ሁለቱንም ጊዜ ስለ መስታወቱ ነገርከኝ።»

«ቀይ ቀለሙንስ?»

«ቅባ አልከኝ፣ ቀባሁ።»

ፍፁም በወረቀት ላይ የሳለውን መላ አወጣ። ድንጋዩን የመሰለ አዲስ መደርደሪያ ስልሳ ሜትር ወዲያ ይሠራል፤ ቁመቱ ያው ዘጠና ሁለት። መንገዱ ደግሞ በአዳራሹ ጀርባ በደረጃ ይዞራል። መስታወቱም አይነካ፣ ሴቶቹም አይነኩ። አው አደም ወረቀቱን አላነሱም፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩት።

«የጎመኑን መንገድ ሠርተሃል» አሉ።

«ሌላ ምን አለ?»

«ነገርኩህ ልልህ አልፈልግም። ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ከሆስፒታል አንድ ሰው ይወርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሄደህ ድንጋዩ ጋ ቁም። እኔ እዚያ አሥራ ሰባት ጊዜ ትከሻ ሰጥቻለሁ። አሁን ትከሻዬ አይችልም።»

ፍፁም አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ድንጋዩ ጋ ደረሰ። ቴፕ ሜትሩ እጁ ላይ ነበር። ብዙም አልቆየ፤ ከኤረር በር በኩል ሰዎች ብቅ አሉ። አራቱ ቃሬዛ ተሸክመዋል፤ አራቱ ለመተካት በጎን በጎን ይራመዳሉ። ቃሬዛው ላይ ያለው በነጭ ተሸፍኗል። የሚሰማው ጠጠሩ ብቻ ነው።

ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ እንደ አንድ ሰው ወደ ጎን ዞረው ቃሬዛውን መደርደሪያው ላይ አሳረፉት። ጭንቅላቱም እግሩም አልተረፈም፤ ሁለት ሜትር ከአሥር በቅቶታል። እጃቸውን ዘርግተው የፋቲሓ ዱዓ አደረሱ። ከዚያ አንዱ ላቡን ጠረገና ፍፁምን አየው።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ የተገኘ ሰው ትከሻ ይሰጣል። እስከ መጀመሪያው ኩርባ ነው።»

«ማነው?» አለ ፍፁም።

«ነስሮ ነው። የአይሻ ባል።»

ፍፁም ቴፕ ሜትሩን ኪሱ ከተተ።

ነፃነት የተቀበረች ዕለት አስከሬኗ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ጊዜ ወርዶ ነበር። በእያንዳንዱ ምዕራፍ ያስቀምጧታል፣ ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ፣ ከዚያ ያነሷታል። ፍፁም መጀመሪያ ላይ ተናዶ ነበር። ቶሎ ይለቅ፣ ቶሎ ይሸፈን ብሎ ነበር በልቡ። አራተኛው ላይ ሲያስቀምጧት ግን ከጠዋት ጀምሮ ያልተነፈሰውን ትንፋሽ ተነፈሰ። ሰው የሚወደውን እስከ መጨረሻው በአንድ ጊዜ መሸከም እንደማይችል የገባው ያን ጊዜ ነው። ለማንም አልነገረውም። የሚነገርም አልመሰለውም ነበር።

አሁን በግራ በኩል የቃሬዛውን የኋላ እጀታ ያዘና ትከሻው ላይ አደረገው። እንጨቱ ቀዝቃዛ ነበር። ነስሮ ቀሎ ነበር፤ ሦስት ሳምንት የታመመ ሰው ምን ክብደት አለው። መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ ፊት ያሉት ሰዎች ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ኋላ ያሉት ጉልበታቸውን አጥፈው ነው የሚሄዱት። ደረጃ ቢኖር አንዱ ይወድቅ ነበር። የቀኝ ክርኑ ቃሬዛውን፣ የግራ ክርኑ ቁጥቋጦውን ነካ። አርባ ምናምን እርምጃ ሄዱ። ኩርባው ላይ አንድ ሰው ሳይናገር መጥቶ ትከሻውን ከትከሻው ጋር አስተካከለና ተቀበለው። ፍፁም መንገዱ ዳር ቀረ።

ከኋላ፣ ብዙ ርቀው፣ ሴቶቹ መጡ። አይሻ መሃል ላይ ነበረች። የምሳ ዕቃው እጇ ላይ ነው። አጠገቡ ስትደርስ ዓይኗ አረፈበት፤ ማንነቱን ግን አላየችም። አልፋ ወረደች።

ረቡዕ ዕለት ፍፁም የዓመት ፈቃዱን አንድ ቀን ወሰደ። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ሞዴሉን ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አደረገው። አምስት ወር የለፋበት፣ እያንዳንዷን ወንበር በወስፌ የሠራት፣ ሸለቆውን የሚያየው ያ መስታወት። ብረት መጋዝ አነሣና መሃል ለመሃል ለሁለት ቆረጠው። ካርቶን ሲቆረጥ ድምፅ የለውም ያለ ሰው የራሱን ቆርጦ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት አምስቱ የኮሚቴ አባላት ፈረስ መጋላ አጠገብ ባለው የስብሰባ አዳራሽ ተቀምጠው ሳለ ሁለቱን ግማሾች ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። በመካከላቸው ከጓሮው ያመጣውን አንድ ድንጋይ አስቀመጠ።

«መኪና ላይ ተሰበረብህ?» አሉ ሻለቃ ተስፋዬ። ጡረታ የወጡ መኮንን ናቸው፤ ከሁሉም በላይ መስታወቱን የወደዱት እሳቸው ነበሩ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ ሻለቃ።»

ተረከ። እንደ ልማዱ እያጋነነ ግን አልተረከም። መንገድ የለም ብሎ የጻፈበት ቦታ ላይ መንገድ እንዳለ፣ ያላየውም በቢሮ ሰዓት ብቻ ስለሄደ እንደሆነ ተናገረ። አዳራሹ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱም የድንጋይ ቤቶች ይሆናሉ፤ ሰው እንደ ሐረሪ ቤት መደብ፣ እንደ ነደባ፣ በደረጃ በደረጃ ይቀመጣል። አምስት መቶ የነበረው ሰው መቶ ስልሳ ይሆናል። መስታወቱ የለም። በሁለቱ መካከል መንገዱ ያለ በር፣ ያለ ደረጃ ያልፋል፤ ድንጋዩ ባለበት ይቀራል፤ በላዩ ጣሪያ አይኖርም።

ወይዘሮ ዋፊቃ መነጽሯን አድርጋ ፕላኑ ላይ ጎንበስ አለች። «ይሄ መተላለፊያ ለምን ሁለት ከአርባ ሆነ? አንድ ሜትር ከሰማንያ ይበቃ የለም?»

«ለሰው ይበቃል። ይሄ ግን ለአራት ሰዎችና ለሚሸከሙት ነው።»

«ምንድን ነው የሚሸከሙት?» አሉ ሻለቃ ተስፋዬ።

ፍፁም ነገራቸው።

ሻለቃው ወንበራቸውን ገፋ አደረጉ። «ቲያትር ቤት መሃል ሬሳ ይለፍ ነው የምትለው? እንግዳ ከውጭ ሀገር መጥቶ ዘፈን እየሰማ?»

«አዎ።»

«ከበሮው እየተመታ?»

«ከበሮው ይቆማል። ሰው ይነሣል። ሲያልፍ ይቀጥላል። ፕላኑ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከፈረማችሁ ደንብ ነው የሚሆነው።»

«ካልፈረምንስ?»

«ካልፈረማችሁ ያ ዝግጁው አለላችሁ። ከጠርዙ መለስ ብሎ የሚሠራ ስለሆነ ድንጋዩን አይነካውም። እኔ ወደ ቢሮዬ እመለሳለሁ።» ይህን ሲል እጁ ጠረጴዛው ላይ አንዱን ግማሽ አጥብቆ ይዞ ነበር። ያቺን ካርቶን ከለቀቀ ሌላ የሚይዘው ነገር እንደሌለ ሁሉም አዩ።

ወይዘሮ ዋፊቃ መነጽሯን አወለቀች።

«የእናቴ አባት ኤረር ወርዶ ነበር የሞተው» አለች። «እርሻው እዚያ ነበር። ሽቅብ ነው ያመጡት። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነው፣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ድንጋዩ ጋ ሲያሳርፉት ከላይ ይታየኝ ነበር። ተቀምጦ ያረፈ ነው የመሰለኝ። አሁን ይነሳል ብዬ ነበር።» ብዕሯን ከፈተች። «አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ለክተኸው ይሄን አላየህም። እኔ ደግሞ እያወቅሁት መስታወት አይቼ ረሳሁት። ማን ይብሳል?»

መልስ ሳትጠብቅ ፈረመች። ሦስት ፊርማ ተከተለ። ሻለቃ ተስፋዬ አልፈረሙም፤ ግን ከመውጣታቸው በፊት ከጓሮ የተለቀመውን ድንጋይ አንሥተው ክብደቱን መዘኑትና በቀስታ ቦታው መለሱት።

ፍፁም የመጀመሪያውን ፕላን ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለው። አንዳንድ ቀን ቀና ብሎ ያየዋል። አላስቆጨውም ማለት ውሸት ነው፤ እንዲያ ያለ መስታወት በዓለም ላይ አንዴ ነው የሚታሰበው።

ሥራው በተአምር በሦስተኛው ወር ተጀመረ። አው አደም ትከሻቸው ባይችልም ዓይናቸው ይችላልና ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ያዛሉ። ቀዩን ቀለም ፍፁም ራሱ ነው ያስለቀቀው፤ በሽቦ ብሩሽና በጋዝ፣ ሁለት ጠዋት ሙሉ ፈትጎ። ትንሽ ሮዝ ነገር ስንጥቁ ውስጥ ቀረ። አልለቅም አለ።

ሴቶቹ ከጭቃና ከቦይ መካከል ማለፍ ጀመሩ። ሠላሳ ሰባቱ ሠላሳ ስድስት ናቸው። አይሻ የለችም። አው አደም ነገሩት፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች፣ ከቤቷ ርቃ አትሄድም። ፍፁም ቀኑን በእርሳስ ቆጠረ። እስከዚያ ድረስ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይወርዳል። የሚያየው ሥራ አለ ይላል። ግንበኞቹ የሚመጡት በሁለት ሰዓት ነው።

ነስሮ ካረፈ አንድ መቶ ሠላሳ አራተኛው ቀን ነጋ። በግራም በቀኝም ግንቡ ወገብ ደርሷል። በመካከሉ ሁለት ሜትር ከአርባ መንገድ፣ መጨረሻው ላይ ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ ኋላ ሸለቆው። ከኩርባው በታች መጀመሪያ ገመድ፣ ከዚያ ማዳበሪያ፣ ከዚያ የጎበጠ ትከሻ ታየ። የምሳ ዕቃ አልያዘችም።

አይሻ ግንቡ ጋ ስትደርስ ቆመች። ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች፤ ዓይኗ በመንገዱ ስፋት ላይ ሄዶ ተመለሰ። ለምን እንደዚያ እንደሰፋ አልጠየቀችም። ፍፁም ከቆመበት ፈቀቅ አለ። ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጠች፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፤ ሸክሙ ቁጭ አለ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። መዳፏን መደርደሪያው ላይ አኖረችው፤ ማዳበሪያው ካረፈበት ጎን፣ ባዶው ቦታ ላይ። እዚያ ቆየች።

ፍፁም ሊናገር የተዘጋጀው ብዙ ነበር። ስለ መቶ ስልሳው መቀመጫ፣ ስለ ጣሪያው፣ በምሥራቅ አፍሪካ እንዲህ ያለ ስላለመኖሩ። አንዱም አልወጣም።

«ኦቦ ፍፁም» አለች ቆይታ፣ ፊቷን ሳታዞር። ስሙን ማን እንደነገራት አያውቅም። «ቢሮህ ገና አልተከፈተም። ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ፀሐይ ልይ ብዬ» አለ።

«እሺ፣ እየውላ።»

ፀሐይዋ ቁንዱዶ ጫፍ ላይ ወጣች። ሁለቱም አዩዋት። ከዚያ አይሻ ገመዱን ደረቷ ላይ አሳለፈች፣ ቀና አለች፤ በግንቦቹ መካከል አልፋ ወደ ኤረር በር ሽቅብ ወጣች።